በዜሮና በአንድ መካከል

የሰባተኛ ክፍል ልጆች የሒሳብ መምህራቸውን ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አጥርተው ያውቁት ነበር። የነጭ ጋዋኑን የትከሻ ስፌት፣ ባለቤቱ ከኋላ የጣፈችለትን ጨርቅ፣ ከመጣፊያው ሥር የምትንጠለጠለውን አንዲት ክር ሳይቀር ዓይናቸውን ጨፍነው ሊስሉት ይችላሉ። ሰውየው ክፍል ይገባል፣ «ደህና አደራችሁ» ይላል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ሰሌዳው ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ደወል እስኪደወል ፊቱን ያየ የለም። ልጆች ደግሞ ስም ለማውጣት ማን ብሏቸው፤ «ጀርባው» አሉት። አንዱማ የወላጆች ስብሰባ ላይ እናቱን ጎትቶ «ያውልሽ፣ ጀርባው ማለት እሱ ነው» ብሎ በጣቱ አሳይቷል ይባላል። እናቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰነፍ ነው እንዳይባል ሰነፍ አልነበረም። ኩሩ ነው እንዳይባልም ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሒሳቡን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሰሌዳ ጽሕፈቱ ከመጽሐፍ ላይ የተገለበጠ ይመስላል። ጥያቄ ግን አይጠይቅም። ጥያቄ የጠየቀ ሰው መልስ መስማት አለበት፣ እሱ ደግሞ አይሰማም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል?

ጨርሶ አልደነቆረም። ወፍራም ድምፅ፣ የጎልማሳ ወንድ ንግግር፣ የጭነት መኪና ጉርምርምታ ደህና አድርጎ ይሰማል። የከዳው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ወፎች ዝም አሉ፤ እሱ ከሰፈሩ የለቀቁ መስሎት ነበር። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ጠፋ፣ ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ መጨረሻ ላይ የልጆቹ ድምፅ ሄደ። የጆሮ ሐኪሙ ጥሩ ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ «ነርቩ ነው። የሄደው አይመለስም፣ መሣሪያውም ለእንዲህ ዓይነቱ እምብዛም አይረዳም» ብሎ አሰናበተው። የልጅ ድምፅ የማይሰማ የልጆች አስተማሪ! ዕድል ሲያሾፍ እንዲህ ነው የሚያሾፈው።

ይህን የሚያውቅ ከሐኪሙ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ። ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው ፊት ለፊት ክፍል ግማሹ የእሷ ነው፤ የስፌት መኪናው፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ፣ ደንበኞቿ ልብሳቸውን የሚለኩበት መስታወት። እሱ የልጆቹን ደብተር የሚያርመው ከመኪናው ማዶ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። የምትለውን ከከንፈሯ እንዲያነብ ስትናገር ወደ መብራቱ ዞር ትላለች።

«ንገራቸው» ትለዋለች።

«ምን ብዬ?»

«አልሰማም ብለህ ነዋ! ሌላ ምን ልትላቸው ኖሯል?»

«አልሰማም ባልኩ ማግስት መጋዘን ያስገቡኛል። የቋንቋ መምህሩን አላየሽም? ዓይኑ ሲደክም «ትንሽ ይረፉ» ብለው የመጻሕፍት መጋዘኑን ቁልፍ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሆነ? አቧራ ሲያራግፍ ነው ያረጀው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ብትቀጥልስ የሚያዋጣህ ይመስልሃል?»

«ደወሉን እሰማለሁ አይደል?» ይላል ያኔ። መከራከሪያው ሁልጊዜ ይኼ ነው። «አንድም ቀን ደወል አልፎኝ አያውቅም። ደወሉን መስማት ያቃተኝ ዕለት ማንም ሳያስወጣኝ በገዛ እግሬ ከክፍል እወጣለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እሷ ዘንድ የተሰጠ ቃል እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ መልሶ መቀጠል የለም። እሱም ይህን ያውቃል።

ደግሞም እውነቱን ነበር፣ ደወል አልፎት አያውቅም። ደወል ሲደወል የሌላው ክፍል ልጆች ወንበር እየገለበጡ፣ እየተጋፉ፣ በሩ ላይ እየተሰነቀሩ ይወጣሉ። የእሱ ልጆች ግን ደብተራቸውን ባንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ጧ! አድርገው ይዘጋሉ። ጧታው ግራ እጁን ባሳረፈበት ጠረጴዛ እንጨት አልፎ መዳፉ ድረስ ይደርሳል። እሱም ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ ይወጣል። ርዕሰ መምህሯ በኮሪደሩ ስታልፍ ይህን አይታ ለሌሎቹ መምህራን «ሥርዓት ከእሳቸው ክፍል ተማሩ» ብላለች። እሱም በልቡ ትንሽ ሳይኮራ አልቀረም። ሰው በምን አይኮራ!

ታዲያ አንድ ቀን ርዕሰ መምህሯ መምህራኑን ሰበሰበች። ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነው። ለእሱ ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ ፎቶግራፍ ነች። እሱ የስብሰባውን ወሬ የሚያውቀው ከሰዎቹ ፊት ላይ ነው፤ ሲስቁ ይስቃል፣ ሲቆዝሙ ይቆዝማል። ያን ቀን የታሪክ መምህርቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች፣ የሳይንሱ መምህር እስክሪብቶውን ነከሰ፣ የስፖርት መምህሩ ራሱን ያዘ። ነገሩ ደግ አለመሆኑ ገባው፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ሲወጡ የስፖርት መምህሩን ተጠጋ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሜዳ ላይ ሲጮህ የጨረሰ፣ ድምፁ ከደረቱ የሚወጣ ወዳጁ ነው።

«ሐሳቤ ሄዶ ነበር፣ እስቲ ድገምልኝ፤ ምን አለች?»

«ምን ትላለች! ተማሪ ካልተሳተፈ ትምህርት የለም ተባልን። በሒሳቡም፣ በታሪኩም፣ በሳይንሱም አሳታፊ ዘዴ ፈልጉ ነው የምትለው። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። አስተማሪው ብቻውን ሲለፈልፍ ልጆቹ ዝም ብለው ካገኛቸው፣ ያ አስተማሪ ከክፍል ተነሥቶ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። አንተ እንግዲህ ያንን ጀርባህን የት እንደምትደብቀው እንጃልህ!» ብሎ ሳቀና ትከሻውን መታው።

እንደ ምንም ፈገግ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ለባለቤቱ ሲነግራት መኪናዋን አቆመች። «እሰይ! አሁንማ ትነግራቸዋለህ።»

«አልነግራቸውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ድምፅ የሌለው አሳታፊ ትምህርት እፈልጋለሁ።»

«በል ውኃ የሌለው ዋናም ፈልግ!» አለችና ፔዳሏን ረገጠች።

ፍለጋው በውርደት ተጀመረ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቡድን ውይይት ነበርና እሱም ልጆቹን በቡድን በቡድን አስቀምጦ «ተወያዩ» አለ። ክፍሉን የሞላው አፍ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ለእሱ ግን የሚሰማው እንደ ሩቅ ወራጅ ውኃ ያለ ሹክሹክታ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከቡድን ቡድን እየዞረ «በርቱ፣ በርቱ» ይላል። ከመጨረሻው ቡድን ደግሞ ሁለት ልጆች ስለ ማስመሪያ ተጣልተው እናት አባት እየጠሩ ሲሰዳደቡ ደርሶ፣ እነሱንም በደስታ «በርቱ!» ብሏቸው አለፈ። ልጆቹ ደንግጠው ታረቁ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውማ።

ከዚያ ወዲያ ትርፍ ሰዓቱን በየክፍሉ መስኮት ማሳለፍ ያዘ። ሰላይ ይመስል ነበር። ግን ዓይን ያለው ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ብዙ ይማራል። የሳይንሱ መምህር ባልዲ ውኃ አስቀምጦ ሎሚ፣ ምስማር፣ ቡሽ፣ ሳሙና ሊከት ሲል፣ ልጆቹ ይሰምጣል ካሉ ቀይ፣ ይንሳፈፋል ካሉ አረንጓዴ ወረቀት ሲያነሡ አየ። አንዳች ነገር ውስጡን ነካው፤ አርባ ልጅ ባንዴ መልስ ሰጠ፣ አንድም ድምፅ አልተሰማም! የታሪክ መምህርቷ ገመድ ወጥራ ዘመናቱን በልብስ መቆንጠጫ በየተራቸው ታሰቅላለች። የሥዕሉ መምህር ለሰሌዳ ተገዝቶ በተረፈ ጥቁር ቀለም ካርቶን እየቀባ ለእያንዳንዱ ልጅ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ ሠርቷል፤ ልጁ በጠመኔ ይሥላል፣ ያነሣል፣ ያሳያል፣ ይጠርጋል።

«እንዴት ታዝዛቸዋለህ?» ብሎ የስፖርት መምህሩን ሜዳ ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

«በእጄ ነዋ። እዚህ ነፋስ አለ፣ ጩኸት አለ፤ ማን ይሰማኛል? እጄ ከወጣ ይቆማሉ፣ ከወረደ ይሮጣሉ። ምነው፣ ሒሳብ በሩጫ ልታስተምር ነው እንዴ?»

«ማን ያውቃል» አለ መምህሩ።

ከሁሉም ሰረቀ። ከሳይንስ ቀለሙን፣ ከታሪክ ገመዱን፣ ከሥዕል ካርቶኑን፣ ከስፖርት እጁን ወሰደ። ባለቤቱ እያጉረመረመች ከስፌት ከተረፈ ጨርቅ የሰሌዳ መጥረጊያ በቁጥራቸው ልክ ሰፋችለት። ልጆቹ በሰሌዳቸው ቁጥር ጽፈው በክፍሉ በተወጠረው ገመድ ላይ በየተራቸው እንዲቆሙ አደረገ፤ ሲፈትነውም አንድ ጥብቅ ሕግ አወጣ። «በዚህ ክፍል ገመዱ ከተወጠረ በኋላ መናገር ክልክል ነው። ያወራ ወደ ዜሮ ይመለሳል!» አላቸው። ወደ ዜሮ መመለስ ማለት በገመዱ መጀመሪያ ጫፍ፣ ዜሮ ከሆነው ልጅ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ነው። ዜሮ የሚሆነው ሁልጊዜ ፊቱ ክብ የሆነው ልጅ ነበር። ጓደኞቹ ድቡልቡል ይሉታል፣ እሱም ሹመቱን ወዶታል።

ልጆቹ አበዱለት። ዝምታን ልጅ የሚያውቀው በቅጣትነቱ ነው፤ ጨዋታ ሲሆን እንዲህ እንደሚወደው ማንም አያውቅም ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። መምህሩ ሰሌዳዎቹን ለማየት መዞር ነበረበት። ዞረ። አርባ ፊት አየ። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ በቁመቷ ማነስ ሚጢጢ የምትባለው ልጅ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ መሆኑን ዓመቱ ሊጋመስ ገና ያን ቀን ነው ያወቀው። ስታስብ ምላሷን በሽራፊው ታወጣለች። ይህን ሳያይ ይህን ያህል ጊዜ መቆየቱ አንገበገበው።

ወሬው ተዛመተ። የታሪክ መምህርቷ መጥታ ገመዷን ከነወለዱ መልሳ ተዋሰችው። የቋንቋው ክፍል ተቃራኒ ቃላትን በሰሌዳ ማስነሣት ጀመረ። የጂኦግራፊው መምህር ልጆቹን እንደ ተራራና ሸለቆ በቁመት አቆማቸው፤ ሚጢጢ የባሕር ወለል ሆነች፣ ተናደደችም። ጆሮ የከዳው ሰው ለባለጆሮዎቹ ዘዴ አበዳሪ ሆኖ አረፈው። ባለቤቱ ግን አልተደነቀችም።

«ጥሩ ነው። ግን አሁንም አልነገርካቸውም» አለችው።

«ደወሉን እየሰማሁ ምኑን ልንገራቸው?»

ሱፐርቫይዘሩ የመጣበት ቀን ደረሰ። ወፍራም፣ ግዙፍ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያዝን ሰውዬ ነው። «እንደምን አደሩ መምህር» ሲል ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነበር፤ መምህሩ እያንዳንዷን ቃል ሰማና «ተመስገን!» አለ በሆዱ። ሰውየውና ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ተቀመጡ።

ገመዱ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተወጠረ። በመስኮቱ በኩል ድቡልቡል ዜሮን ይዞ ቆመ፣ በበሩ በኩል አንዲት ረጅም ልጅ አንድን ይዛ ቆመች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ፤ «በዜሮና በአንድ መካከል ስንት ሰው መቆም ይችላል?» ጻፈና ዞረ፣ እጁን አወረደ።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ግማሽን ጽፎ መሐል ላይ ቆመ። ሩብ መጣ፣ ሦስት አራተኛ መጣ። ለጊዜው ሁሉም ያለቀ መሰለ፤ ሦስቱ ተራርቀው እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ከዚያ አንዱ ስምንተኛን ጽፎ በዜሮና በሩብ መካከል ገባ። ነገሩ ተቀጣጠለ። ዘጠኝ አሥረኛ ከረጅሟ ልጅ አጠገብ ተለጠፈ፣ ዘጠና ዘጠኝ መቶኛ በሁለቱ መካከል በክርኑ ገፍቶ ገባ። ሚጢጢ ምላሷን አውጥታ አሰበችና አንድ ሺህኛን ጽፋ ዜሮ ደረት ሥር ተወሸቀች። ከእንግዲህ እዚያ ማንም አይገባም ብላ አንገቷን ቀና አደረገች። አንድ ተንኮለኛ አንድ ሁለት ሺህኛ ብሎ ጽፎ መጣ። እሷ ዐይኗን አፈጠጠች፣ ድቡልቡል በእጁ «ኧረ ጨፈለቃችሁኝ!» ይላል፣ ተንኮለኛው በሆዱ ተስቦ ገባ። ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። ደብተሮቹ እንደተከፈቱ ተቀምጠዋል፤ ክፍሉ እንዳለ በዜሮና በአንድ መካከል ቆሟል።

ሱፐርቫይዘሩ አልቻለም። ተነሥቶ አንድ ትርፍ ሰሌዳ አነሣና ሁለት አራተኛን ጻፈ፣ ወደ መሐልም መጣ። ግማሽን የያዘው ልጅ የራሱን ሰሌዳ አሳየው፤ የሰውየውንም ጠቁሞ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው፣ ከኋላዬ ቁም ማለቱ ነው።

«ይኼማ ልክ ነህ፣ ለካ—» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

አርባ ጣት ወደ ዜሮ ተቀሰረ። ተናግሯላ! ያን ግዙፍ ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ ከድቡልቡል አጠገብ ሲቆም ያዩ ልጆች ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት፣ ርዕሰ መምህሯ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። መምህሩ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። መጋዘኑ ከፊቱ ጠፋ። ዳነ።

ደወሉ የተደወለው በዚህ መካከል ነው።

እሱ ያየው ሌላ ነገር ነበር። በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ግቢው ልጅ በልጅ ሆኗል፤ ይሯሯጣሉ፣ ኳስ ይጠልዛሉ። በእንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ብልግና! ደሙ ፈላ። መስኮቱን ከፈተና በሙሉ ድምፁ «እናንተ! ደወል ሳይደወል ማን ውጡ አላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞሮ ይቅርታ በሚጠይቅ ፊት «የእኔ ልጆች እንዲህ አይደሉም። ደወል ሳይሰሙ ንቅንቅ አይሉም» አለው።

ማንም አልሳቀም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ርዕሰ መምህሯ መሐረቧን አወረደች። መምህሩ ፊቶችን ማንበብ የለመደ ሰው ነውና አንድ ትልቅ ነገር እንደተሰበረ አወቀ። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

ሚጢጢ አንድ ሺህኛዋን በጨርቁ ጠረገችው። አጎንብሳ ብዙ ጻፈችና ሰሌዳዋን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣች።

«ደወሉ ተደውሏል ቲቸር። ደብተር መዝጋት ረስተን ነው። ይቅርታ።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወንበሮቹ ሄደ፤ ደብተሮቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። በየቀኑ መዳፉ ላይ የሚሰማው ያ ጧታ ታወሰው። የሥርዓት ነው ብሎ የኮራበት፣ ደወል ነው ብሎ ለባለቤቱ የማለበት ጧታ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

ጠረገችና ጻፈች። «ከዓመቱ መጀመሪያ። አንድ ቀን ደወል አልፎዎት ርዕሰ መምህሯ ሊቆጡ በሩ ድረስ መጥተው ነበር፤ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ስለነበር አላዩአቸውም። ከዚያ ተስማማን።»

አፈረ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ ደርሶበት አያውቅም፤ ከጆሮው ጀምሮ እስከ አንገቱ ነደደ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ምስጢሩን ደበቅኩ ሲል፣ እነሱ ያንኑ ጀርባ ሲጠብቁለት ከርመዋል። የዛሬው ትምህርት ያን ያህል ጣፍጧቸው ነው መጠበቁን የረሱት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው መዞር አማረው፣ አልዞረም።

ሱፐርቫይዘሩን እያየ «አልሰማም» አለ። «የልጆቹን ድምፅ አልሰማም። ደወሉንም እንደማልሰማ ገና አሁን አወቅኩ። ደወሉን ያልሰማሁ ቀን በገዛ እግሬ እወጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ርዕሰ መምህሯ ወደ እሱ መጥታ ፈጥና ፈጥና ተናገረች። ራሱን ሲነቀንቅ ገባት። ከድቡልቡል እጅ ሰሌዳውን ወሰደች፣ ዜሮውን ጠረገችና ጻፈች፤ «ጨርሶ ነው ጋሼ?»

ገመዱን አየው። «በዜሮና በአንድ መካከል ነው» አለ።

«ለየትኛው ይቀርባል?» አለ ሱፐርቫይዘሩ ከግድግዳው ሥር በዚያ ወፍራም ድምፁ።

«ለዜሮ።»

ያኔ ሚጢጢ እንደገና ሰሌዳዋን አነሣች። «እኛ እንሰማልዎታለን» ይላል። አጠገቧ ያለው ተንኮለኛ ከእሷ ኮርጆ ጻፈ፣ ቀጥሎ ያለው ከእሱ ኮረጀ፤ ወሬው እንደዚያ በገመዱ ተላልፎ እስከ በሩ ደረሰ። ረጅሟ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ፊደሉ ግማሹ ወድቋል። ግን ገመዱ ላይ የቆመው ሁሉ ሰሌዳውን ይዞ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ብዙ ቆሞ አነበበ። «ደወል የሚሰማ መች ጠፋ!» አለ። «እኔ በየትምህርት ቤቱ ስዞር ያጣሁት ሌላ ነው። ለመሆኑ ይህን ዘዴ ከየት አመጡት?»

«ሰረቅኩት» አለ መምህሩ። «ከሁሉም።»

«እንግዲያው ነገ የሰረቋቸውን ሰዎች ሰብስበው ይመልሱላቸው። መውጣትዎን በሚመለከት እኔ የሰማሁት ነገር የለም።» ርዕሰ መምህሯም ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም አልሰማሁም ማለቷ ነው።

ማታ ባለቤቱ ቀሚስ ትተኩስ ነበር። ፊቱን አይታ ካውያውን አነሣችው።

«አመለጠኝ» አላት። «ደወሉ።»

«እንዴት አወቅክ?»

ሁሉንም ነገራት፤ ደብተሮቹን፣ ሚጢጢን፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሆነውን። ሲጨርስ «ይኸው ቃሌ» አለ። «አለቆቼ አይውጡ ይሉኛል፣ ልጆቹም እንሰማልዎታለን ይሉኛል። ቃል የሰጠሁት ግን ለአንቺ ነው።»

ወደ መብራቱ ዞረች፣ ከንፈሯን እንዲያይ።

«ደወሉን መስማት ያቃተኝ ዕለት ነበር ያልከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቃሉ የፈረሰው ከዓመቱ መጀመሪያ ነው። በፈረሰ ቃል ይህን ያህል ካስተማርክ የቀረውንም አስተምር፤ ምን አዲስ ነገር መጣ?» አለችና ካውያውን መለሰች። ጥቂት ተኩሳ ደግሞ ቀና አለች። «ብቻ ካሁን በኋላ ጀርባህን አትስጣቸው፤ የጣፍኩት ጨርቅ ያሳፍረኛል።»

በማግስቱ ክፍል ገብቶ «ደህና አደራችሁ» አለና መልሱን ጠበቀ። አርባ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አየ። ጠመኔውን ለሚጢጢ ሰጣት፤ ወንበር ላይ ቆማ የዕለቱን ርዕስ ጻፈች፣ መስመሩ ወደ ታች ተንሻፈፈባት። እሱ ከሰሌዳው ጎን ቆሞ ፊት ፊታቸውን ሲያይ ዋለ። ሰዓቱ ሲገባደድ ድቡልቡል ዓይኑን ወደ በሩ ሰረቅ አደረገ፣ ሚጢጢ እጇን ደብተሯ ላይ አሳረፈችና ወደ መምህሩ ቀና ብላ ተመለከተች። ደወሉን አየው።